አሮጌው ዊንዶውስ ላይ የጨመርኩት ሜሞሪ

ታጠቅ፣

እሁድ ምሳ ላይ እህትህ ሻሼ ፊት «አንተ ኮምፒውተር አትንካ፣ ወንጂ ሄደህ ሸንኮራ ቁረጥ» ያልከኝ ከሆዴ አልወጣም። ለዚህ ነው የነካሁት።

የጥልፍ ማሽኑን የሚያዘው፣ አዲሱ ኮምፒውተርህ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር እንዲሠራ የጫንከው አሮጌ ዊንዶውስ ተንቀራፈፈብኝ። ይፈጥናል ብዬ ከአዲሱ ኮምፒውተር ሜሞሪ ሁለት ጊጋ ቆርሼ ሰጠሁት። «ሜሞሪ አይበቃም» ብሎ ቀጥ አለ። የሙሽራዋ ቀሚስ ጥልፍ እዚያ ውስጥ ነው፤ ይኑር ይጥፋ አላውቅም። ፈርቻለሁ።

ኮምፒውተር ጠጋኙ ይትባረክ በስልክ «አሮጌ ነው፣ ሲበዛበት ይደናገራል፤ ወደ ድሮው 256 ሜጋ መልሰው» አለኝ። ጭራሽ እንዳላጠፋው ብዬ አልሞከርኩም። አንተ መልሰው።
አዲስ ዊንዶውስ እንዳትጭን፤ ማሽኑን ከኮምፒውተሩ የሚያግባባው ድራይቨር በሌላ አይሠራም።

ያን ቀን ምሳ ላይ ሻሼ ባትኖር ኖሮ...
ተወው።

የሙሽራዋ እናት እትዬ ዘውድነሽ በር ላይ ቆመው «ቀሚሱ ደረሰ ወይ?» እያሉ ነው። እኔ በጓሮ ወጣሁ።