የሞተሬ ጓርኒሲዮን

ሰኞ፣ የካቲት 3
መካኒኩ ደሳለኝ ጓርኒሲዮኔን ሰረቀኝ። ሃያ ዓመት አብሮኝ የጸለየ ሰው! ወገቤን ባያመኝ ሞተር ሳይክሌን ማንም አይነካውም ነበር። ያለ አስተማሪ በራሴ እጅ ስፈታው ኖሬያለሁ። ቫልቩን እንዲያስተካክል መናኸሪያ አጠገብ ካለው ጋራዡ ተውኩለት። ዛሬ ስረከበው... ከሞተሩ አናት ክዳን ሥር፣ ጥጉ ላይ፣ ሲሊኮን የሚሉት የማሸጊያ ሙጫ ብቅ ብሏል። ዋናው ጓርኒሲዮን ዘይት እንዳያፈስ ክዳኑ ሥር የሚገባ፣ እየታጠበ ዓመታት የሚያገለግል ጎማ ነው። እሱ ካለ ሲሊኮን ምን ይሠራል? የእኔን ወስዶ ርካሹን አስገብቶ፣ እንዳያፈስበት በሲሊኮን ለጥፎታል።

ሐሙስ፣ የካቲት 6
ወገቤን እየያዝኩ ራሴ ፈታሁት። ዋናው ላይ ጽሑፍ ነበረ። እዚህ ላይ የለም። ወይስ ዓይኔ ነው?
አባይነሽ ከበሩ ላይ ሆና፣ "አንተ ሰውዬ፣ ያው የራስህ ነው እኮ።"
የእኔ ሚስት ስለ ጓርኒሲዮን ምን ታውቃለች?
ሲሊኮኑን ምንም ሳላስቀር ፋቅሁ። አዲስ ጎማ ገዝቼ ገጠምኩ። ደሳለኝ ያስገባውን ለማስረጃ ጠቅልዬ አስቀመጥኩ።

እሑድ፣ የካቲት 9
ከጸሎት በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ፣ ደሳለኝን ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ጓርኒሲዮኔን መልስ!" አልኩት።
መጀመሪያ ሳቀ። "ጋሼ ሽፈራው፣ የምን ጓርኒሲዮን?" ቀጥሎ ፊቱ ተለወጠ። "በልጆቼ ፊት ሌባ አሉኝ?"
የምእመናን ሽማግሌው አየለ መሃል ገባ። የሚቀጥለው እሑድ የጌታ እራት ነው፤ ሳትታረቁ አትቀርቡም አለ። አልቀርብማ!

ማክሰኞ፣ የካቲት 11
ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ በሞተሬ ስመለስ ሱሪዬ በሞተሩ ዘይት ርሷል። አዲሱም ያፈሳል። በዚያው ጥግ... የሸጠልኝም ሌባ ነው?

ዓርብ፣ የካቲት 14
ሁለቱን ጎማዎች ፀሐይ ላይ ጎን ለጎን አደረግኋቸው። የጠቀለልኩትን በቤንዚን አጠብኩት። ጽሑፉ ወጣ። ዘይት ሸፍኖት ነው።
የራሴ ነው።
ታዲያ ለምን ያፈሳል? ክዳኑን አንሥቼ የሞተሩን ጥግ በጣቴ ዳሰስኩ። ጎማው የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ክፍተት አለ፤ ጥፍር የማታስገባ። እስከ ዛሬ የፋብሪካው ሲሊኮን ደፍኖት ነበር። ደሳለኝ ያረጀውን ፍቆ በአዲስ ተካው። እኔ የደሳለኝን ፍቄ በምንም ተካሁት።
አርባ ዓመት ስፈታ... ይህን አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15
ሞተሩን እየገፋሁ ጋራዡ ሄድኩ። መንገዱ ሁሉ ያየኝ መሰለኝ።
ደሳለኝ ቀና አላለም። "ምን ጠፋ ደግሞ ጋሼ?"
"ጥጉ ላይ አድርግልኝ።"
"ምኑን?"
ስሙን ሊያስጠራኝ ነው። "ሲሊኮኑን።"
ክዳኑን ፈታው። የራሴን አሮጌ ጎማ ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። አገላብጦ አየው፣ አየኝ። ጥጉን ሲሊኮን ቀብቶ መልሶ ገጠመው። ስድብ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ፣ የካቲት 16
ማዕዱ ሳይቀርብ ተነሥቼ ቆምኩ። ሰው ፊት የተናገርኩትን ሰው ፊት መለስኩ፦ "ደሳለኝ አልሰረቀኝም። ጎማው የራሴ ነው፤ ጥፋቱም የራሴ ነው።" ከኋላ የሳቀ አለ? አለ መሰለኝ። ዞሬ አላየሁም። ደሳለኝ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። እንጀራውን አብረን በላን።
ቤት ስንገባ አባይነሽ፣ "እኔ ብዬህ..." ብላ ጀመረች።
ይበቃል አልኳት። በዚህ ቤት የዚህ ነገር ስም አይነሣም። ለሷም፣ ለደሳለኝም፣ ለማንም አልናገርም። እዚህም ከዚህ ወዲያ አልጽፈውም።