የሰዓቶቹ ክፍል መስኮት

መስኮቱ ተከፈተ! የሰዓቶቹ ክፍል መስኮት፣ ያ በሚስማር የተጠረቀመው፣ ትናንት ወለል ብሎ ተከፈተ! ሰላምታ ላስቀድም ብል ወሬው አፌ ላይ ሊፈነዳ ሆነ፤ አትቀየሚኝ።

ውድ እታለም፣ እንደምን ከረምሽ? ልጆችሽስ?

ባለፈው መጥተሽ ባለቤቴ ከበር ላይ «ዛሬ እንኳ አይመችም» ብሎ ሲመልስሽ፣ ጓዳ ሆኜ ድምፅሽን እሰማ ነበር። ወጥቼ «ግቢ» ማለት ግን አልደፈርኩም። ከዚያ ወዲህ መደወልም ተውሽ፤ እውነትሽን ነው።

ታውቂው የለ፣ ዕድሜውን ሙሉ የአውቶቡስ ስምሪት ላይ «ዘገየ! ቀደመ!» እየተባለ ሲሰደብ የኖረ ሰው ነው። ሠፈሩ «ጋሽ ደቂቃ» ያለው በከንቱ አይደለም። ጡረታ ሲወጣ ከሰዓት ይገላገላል ስል ጭራሽ ሰዓት ሰብሳቢ ሆኖ አረፈ! በአባታችን ዘመን ከስሮ የተዘጋ የእጅ ሰዓት ፋብሪካ ነበር፤ አሁን አዲስ ባለቤቶች ስሙን ገዝተው እንደገና ከፈቱት። ሰዓቱ አዲስ ነው፣ መልኩ ግን የጥንት፤ ፊቱ ቅቤ የመሰለ፣ በየጠዋቱ በእጅ የሚሞላ። ዋጋውንስ አትጠይቂኝ። የእኔው ሰው የሚፈልገው ደግሞ ፋብሪካው እንደገና በተከፈተ ሰሞን የተሠሩትን ብቻ ነው። የኋለኞቹን ሲያይ፣ ያልወደደው አማች እንደመጣበት ሰው ፊቱን ያዞራል።

ይሰብስብ፣ ምን አለበት። ግን አቧራ እንዳይገባ ብሎ መስኮቱን በሚስማር መታው። ሌባ ፈርቶ ለሰዓቶቹ ክፍል የብረት በር አስበየደ። ወሬ እንዳይወጣ እንግዳ ከለከለ። ቤቱ ባዶ እንዳይሆን ደግሞ እኔን ከመውጣት። ገበያ እንኳ ስወጣ «ቶሎ ነይ» ነው። ቀኑን ሙሉ ሶፋው ላይ ተቀምጬ ቀጭ ቀጭ ሲሉ እሰማቸዋለሁ። ጌጦቹ እነሱ፣ የተቆለፈብኝ እኔ። ያሰጣሁት ልብስ ገመዱ ላይ ሲወዛወዝ ሳይ፣ በገዛ ቀሚሴ እቀና ነበር እልሻለሁ።

ትናንት ልብስ አስጥቼ ስመለስ የብረቱ በር ይደበደባል። ለካ የጓሮውን በር ከፍቼ ስወጣ፣ እሱ ሰዓቶቹ ጋ ውስጥ እንዳለ ነፋስ ጠርቅሞበታል! ያ በር አንዴ ከተዘጋ የሚከፈተው ከውጭ ብቻ ነው፤ ሌባ ቢገባ እዚያው እንዲያዝ ብሎ ራሱ ያዘዘው ብልሃት ነው። ቁልፉ በሩ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ክፈቺ እንጂ!»

ቁልፉን ያዝኩ። ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ በርጩማ ስቤ ቁጭ አልኩ።

«ምን ያስቸኩልሃል? ሰዓት እንደሆነ ሞልቶሃል።»

«አንቺ ሴት፣ አትቀልጂ! ታፈንኩ!»

«መስኮቱን ክፈተዋ።»

«ሚስማር ተመቷል!»

«ማን መታው?»

በሩን መደብደቡን ተወና፣ በለሆሳስ፣ «እነዚህ ነገሮች ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚጮሁት?» አለኝ።

«ሁልጊዜ። እህቴን የመለስካት ቀንም እንዲሁ ይጮሁ ነበር።»

ጨከንኩበት እንዴ ብዬ ልነሳ ስል፣

«መዶሻው የት ነው ያለው?» አለ።

ከፈትኩለት። ላቡ በአንገቱ ይወርዳል። ቀጥ ብሎ ሄዶ መዶሻውን አመጣና ሚስማሮቹን ይነቅል ጀመር። የመጨረሻው እንቢ ብሎት አብረን ስንጎትት ሁለታችንም ወለሉ ላይ ተዘረጋን። እንዲያ ስንስቅ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደነበር እንጃ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ያን ከሁሉ የሚሳሳለትን ሰዓት እጁ ላይ አስሮ ዳቦ ሊገዛ ወጣ። «ቢጫርስ?» ብለው፣ «ይጫራ! አሮጌ ይመስላል ተብሎ አይደል የተገዛው?» አይለኝም!

እንግዲህ ቤታችን ኑልን፤ ጥሪው የእሱም ነው፤ «እህትሽን ራሴ በር ላይ ቆሜ አስገባታለሁ» ብሏል። ባልሽን፣ ልጆችሽን፣ ያቺን ወሬኛ ጎረቤትሽን ሳይቀር ይዘሽ ነይ። የመስኮት ምርቃት አለብን!

ናፋቂሽ ታናሽ እህትሽ

ውይ፣ ቀኑን ሳልነግርሽ! ማንም እንዳይቀር፤ የፊታችን ቅዳሜ።