ቀን የማይቆረጥለት ሕመም

ልጄ ባርናባስ፣ እህትህን ዳግም አልጋ ላይ የጣላት አጎትህ ጌታቸው ነው፤ ይህን መጀመሪያ ጽፌ ልገላገል። አንተን እግዚአብሔር በሄድክበት ሁሉ ከክፉ ይሰውርህ። ደግነቱ ቢታንያ አሁን እየዳነች ነው።

በግርግሩ ሰሞን ዓለም ገና ላይ በተሳፈረችበት ታክሲ ላይ የተወረወረው ድንጋይ ጭንቅላቷን እንደመታት ሰምተሃል። ጌታቸው፣ «እኔ በጎረምሳነቴ የገና ዱላ አናቴን ብሎኝ በማግስቱ ተጫውቻለሁ፤ ልጅ ቶሎ ይድናል» ብሎ በሳምንቱ ትምህርት ቤት ወሰዳት። እዚያው አስመለሳት፤ ተደግፋ መጣች።

ሐኪሟ ተቆጣችን። «በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ለመዳን ከትልቅ ሰው ይዘገያል። እሷ ደግሞ በፊትም ራስ ምታት ነበረባት፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመሟም ከባድ ነበር።»

«ታዲያ መቼ ትድናለች?» አልኳት።

«ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፤ ቀን ግን አልቆርጥልዎትም እናቴ። ሕመሟ ሲቀንስ እያየን ቀስ በቀስ ወደ ትምህርቷ እንመልሳታለን።»

ብርሃን ስትሸሽ የከረመችው ልጅ ዛሬ መጋረጃውን ራሷ ገልጣ፣ «እማዬ፣ ጋሼ ጌታቸው ዘንድሮም ገና ይጫወታል?» ብላ ሳቀች። እኔ አለቀስኩ።

ዕድሜህን ያርዝመው፣ ልጄ። ስትደውል «መቼ ትድኚያለሽ?» አትበላት። መልስ ስታጣ ጥፋቷ ይመስላታል። እኔም ከእንግዲህ በየማለዳው «ዛሬስ ተሻለሽ?» እያልኩ አላስጨንቃትም።

እናትህ ውብአየሁ