በየዓመቱ ለሚታቀድለት ልጄ

እኔ የመምህር ጥሩሰው አኑሎ ባለቤት የነበርኩ ወይዘሮ ገነቴ ሀንዲሶ፣ ዛሬ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በሆሳዕና ከተማ በመኖሪያ ቤቴ፣ ልቤ ቢደክምም አእምሮዬ ሳይደክም፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ይህን የመጨረሻ ቃሌን በአራት ምስክሮች ፊት እናገራለሁ። የሚጽፉልኝ ጎረቤቴ ባለሱቁ አቶ መሐመድአሚን ናቸው። ያልኩትን እንጂ ማለት የነበረብኝን እንዳይጽፉ አደራ ብያቸዋለሁ።

ምስክሮቹ ሲገቡ ልጄ ሆሴዕ ለቅሶ መስሎት የዕድሩን አግዳሚ ወንበር ሊያመጣ ተነሥቶ ነበር። የዕድራችን ዳኛ አቶ ተገኘ፣ "ቆይ እንጂ፣ እናትህ ገና አልሞተችም" ብለው አስቀመጡት። ይህም ይጻፍ።

አንደኛ፤ የምኖርበትን ቤት ከነግቢውና ከነእንሰቱ ለሆሴዕ ሰጥቻለሁ። ሆሴዕ ከዳውን ሲንድረም ጋር የተወለደ ነው። ባሌ የሰው ልጅ ሲያስተምር እኔን ማስተማር ስለረሳ ፊደል የቆጠርኩት ከደብተሩ እየሰረቅሁ ነው፤ ሆኖም ስለ ልጄ የተጻፈ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤአለሁ።

ሁለተኛ፤ በሀቢቾ ያለኝን የእርሻ ይዞታና ላሚቱን ለልጄ ለአቢጋኤል ሰጥቻለሁ። ሾኔ ከተማ የምታስተምርበትን ሥራ ትታ ወንድሟን እንድትጠብቅ አላዝዛትም። ለሕጉ ሞግዚቱ ትሁን፤ በበዓል መጥታ የሚወደውን ምግብ አታካና ትሥራለት፤ ስትቆጣው ግን ታላቋ መሆኑን አትርሳ።

ሦስተኛ፤ እንደ ሆሴዕ ላሉ ሰዎች የቆመው የአብሮነት ጥላ ማኅበር ለወላጆች ሲያድል የሰጠኝን ዓመታዊ ዕቅዶች በሙሉ ለማኅበሩ እመልሳለሁ። ስላልተሠራባቸው እንደ አዲስ ናቸው። ጽሑፋቸው ያማረ ነው። ልጄን በየዓመቱ "ሕፃን ተጠቃሚ" ይሉታል፤ ጢሙ ሸብቷል። በመጋቢቱ የዳውን ሲንድረም ቀን በዓል ፊኛ ያስይዙታል፤ ንግግሩ ሲያልቅ ወንበሩን ተሸክሞ የሚመልሰው ግን ይኸው ሕፃን ነው። የአምናውን ባነር ለጥጃዬ ማደሪያ ጣሪያ አድርጌዋለሁ፤ ከዕቅዱ ለተጠቃሚ ሲደርስ ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

በዕቅዶቹ ውስጥ "ከወላጅ ሞት በኋላ የሚደረግ ድጋፍ" የሚል ተራ ቁጥርም አለ። በየዓመቱ ከጎኑ "በሂደት ላይ" ተብሎ ይጻፋል። እኔም በሂደት ላይ ነኝ።

እዚህ ላይ ለምስክርነት የጠራሁት የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ ታዴዎስ፣ "እማማ፣ እሱ እኮ ለሚቀጥለው በጀት ዓመት ተይዟል" አለኝ።

"ታዴ፣ እኔስ በስንተኛው ሩብ ዓመት ተይዣለሁ?"

ጎረቤቴና ምስክሬ ሰብሌ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

"ሳቁም ይጻፍ?" አሉ አቶ መሐመድአሚን።

ይጻፍ አልኩ።

በታዴዎስ ግን አልፈርድም። እኔም የራሴ ዓመታዊ ዕቅድ ነበረኝ። ጳጉሜን በገባ ቁጥር ተንበርክኬ፣ "ጌታ ሆይ፣ ልጄን ከእኔ አስቀድመህ ውሰደው" እል ነበር። እሱን መያዝ ከእኔ በቀር ማንም አያውቅበትም ብዬ ነው፤ ፍቅር ይመስለኝ ነበር። ጌታ ዕቅዴን ስላላጸደቀልኝ አመሰግነዋለሁ። ሆሴዕ፣ ይቅር በለኝ። አሁን ይህን ስለው "እሺ" ብሎኛል፤ ምኑን ይቅር እንዳለኝ ገብቶት እንደሆነ ለመጠየቅ ግን ድፍረት አጣሁ።

አራተኛው ዋናው ነው። በዕድሩ ያለኝ ቦታ ለሆሴዕ ይተላለፍ። ቤት ብቻውን ሰው አይጠይቅም፤ ሲታመም በሩን የሚያንኳኳው ዕድርተኛ ነው። ለአገሩ ሁሉ ድንኳን ሲተክል የኖረ ሰው በራሱ ቀን የሚተክልለት እንዳያጣ።

አቶ ተገኘ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እትዬ ገነቴ፣ እንደ ልጃችን እናየዋለን፤ መቼም አንጥለውም። አባል ማድረጉ ግን..."

"ደንቡ ምን ይላል?"

"ቤት ያለው፣ ለቅሶ የሚደርስ ይላል።"

"ቤቱን ከላይ ሰጥቼዋለሁ። ለቅሶ ቤት ከእሱ ቀድሞ የሚደርስ ካለ ይነሣ!"

የተነሣው ሆሴዕ ብቻ ነው።

"በርኅራኄ ከሆነ ይቅርብን፤ ርኅራኄማ በየዓመቱ ይታቀድልናል። እንደ ሰው አስገቡት" አልኳቸው። ሌላ የምጨምረው የለኝም።

ይህ ቃል ምስክሮቹ ባሉበት ከዳር እስከ ዳር ተነብቦልኝ የእኔው መሆኑን አረጋግጫለሁ። ከዚህ በፊት ሌላ የተናዘዝኩት ቢገኝ የተሻረ ነው።

ገነቴ ሀንዲሶ (ፊርማ)

ምስክሮች

ሰብሌ ወንዳፈረው፤ ሲነበብ ሰምቻለሁ። (ፊርማ)

መሐመድአሚን ሸምሱ፤ ጽፌአለሁ፣ አንብቤአለሁ። (ፊርማ)

ታዴዎስ ኤርጊቾ፤ ሰምቻለሁ። ተራ ሦስትን በተመለከተ ማኅበሩ በቀጣዩ ስብሰባው ያየዋል። (ፊርማና ማኅተም)

ተገኘ ሎምበሶ፤ ሰምቻለሁ። ሆሴዕ ጥሩሰው ከዛሬ ጀምሮ የዕድሩ አባል ነው። ከለቅሶ ከቀረ እንደማናችንም ይቀጣል። (ፊርማ)