በውሰት የሄደው ምንሽር

ግንቦት 4፣ ማክሰኞ ጠዋት

ዛሬም ዝናብ። ሊጡ በጎባ ብርድ አልነሳ ብሎ አምባሻው ዘገየ። ሻዩን ጥጄ ራዲዮኑን ከፈትኩ፤ ዘውዱ እየሸለለ ነው። ወዲያው ከግድግዳው ማዶ የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ዘውዱ ሲዘፍን ልብስ ሰፊው ሁሴን እግሩን ከፔዳሉ ያነሳል፣ እኔም ማንኪያ አላቃጭልም።

ደብተሬ፣ ስሚኝማ፦ ዘውዱ ቅዳሜ ጎባ ይመጣል! ለምክር ቤት የሚወዳደሩትን ግራዝማች ደጉን ሊያስመርጥ ነው አሉ። ምርጫው ምን አገባኝ። ፎቶውን ከሟቹ ባለቤቴ ጠመንጃ፣ ከምንሽሩ ጎን የሰቀልኩለትን ሰው በዓይኔ ላየው ነው።

ግንቦት 8፣ ቅዳሜ ከሰዓት

አየሁት። ካሰብኩት አጭር ነው። ግራዝማችን ምረጡ አለ። ይሁን፣ አፉ ነው። ቀጥሎ ግን ጠመንጃ ያለው ሁሉ ያስመዝግብ፣ ሠርግና ገበያ ይዞ አይውጣ፣ እኔም ከእንግዲህ በሚተኮስበት ድግስ አልሸልልም አለ። ማን? ዘውዱ! ስንቱን ጣሪያ ያስበሳው የማን ሽለላ ሆነና?

ወዲያው ፉጨት ተነሳ። የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ ሱቁ ገብቶ የሰቀለውን የዘውዱን ፎቶ ቀዶ መጣ። እኔ እንደተከዳች ሚስት ተንገበገብኩ። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ግንቦት 10፣ ሰኞ

ሻይ ቤቴ ሙሉ፣ ወሬው አንድ። ወንድሜ ታደሰ፣ ዘፋኝ ይዝፈን እንጂ ምን ያማክረናል ይላል። የዕድራችን ዳኛ አቶ ይልማ እሑድ ሮቤ ላይ ልጃቸውን ይድራሉ። ያልተተኮሰበት ሠርግ የማኅበር ጠበል ነው እንጂ ሠርግ አይደለም አሉ።

ሁሴን ብቻ ከዘውዱ ጋር ቆመ። ወደ ላይ የወጣ ጥይት እዚያው አይቀርም፣ መውረዱ አይቀርም አለ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? “ጠመንጃ የሌለው ስለ ጠመንጃ ምን አገባው!”

ቤቱ በሳቅ አውካካ። ሁሴንም ሳቀ። ሻዩን ግማሽ ትቶ ወጣ።

በዚህ አገር ለነሱ ወገን፣ ለእስላሞቹ፣ ማን ጠመንጃ ፈቅዶላቸው ያውቃል? ይህን እያወቅኩ ነው ያልኩት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ስላሳቅኳቸው ደግሞ ትንሽ ኮርቻለሁ።

ግንቦት 13፣ ሐሙስ

ታደሰ ምንሽሩን ለሠርጉ ሊዋስ መጣ። እኛ ዘንድ ለሠርግ ጠመንጃ መዋስ ድስት እንደመዋስ ነው፣ ማንም አይከለክልም። ዘንድሮ ግን ባለጠመንጃዎቹ አንድ በአንድ እየቀሩ ነው አለ። ቀን ዘውዱን ሲረግሙ ይውሉና ቤታቸው ሲገቡ ቃሉን ያስቡታል። አቶ ይልማ አዝነዋል።

ውሰደው አልኩት። ጥይቱንም ጨመርኩለት። እልህ ነው፣ ለዘውዱም ለሁሴንም። ፎቶውን አውርጄ አልጋ ሥር ከተትኩ።

ግንቦት 16፣ እሑድ፣ ከሮቤ መልስ

ሠርጉ ላይ አንድ ጠመንጃ ብቻ። የኔ።

ሙሽሮቹ ከዳሱ ሲወጡ ታደሰ ተኮሰ። እልልታ። ደገመ። ሲሠልስ ጭቃው አዳለጠው። የሙሽራዋን ቀሚስ የሰፋው ሁሴን ነው፤ ጫፉ እንዳይቆሽሽባት ሊያነሳላት ጎንበስ ብሎ ነበር።

ጥይቱ ቀኝ እጁን አገኘው። አልችልም፣ በቃኝ።

ግንቦት 17፣ ሰኞ

ዕድሩ አቶ ይልማ ቤት ተሰበሰበ። ጥይቱ ከተራራው ነው የመጣው፣ የሽፍታ ነው ይባል ተባለ። እኔን፣ እትዬ ዘነበችን፣ ባሏ የሞተባትን ሴት፣ ፍ/ቤት ለፍ/ቤት አናንከራትትም አሉ። ሠርግ ሙሉ ሰው አይቷል፤ ዛሬ አንድም ያየ የለም።

እኔስ? እግዜር ይስጥልኝ አልኳቸው። ደብተሬ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ አመሰገንኩ! ታደሰ ምንሽሩን መልሶ ቦታው ላይ ሰቅሎታል። ቤት ገብቼ መስታወት ማየት አስጠላኝ።

ግንቦት 18፣ ማክሰኞ

ሆስፒታል ሄድኩ። ጣቶቹ ከእንግዲህ አይታጠፉም ብለውታል። ሚስቱ ፋጡማ ተነስታ መቀመጫዋን ለቀቀችልኝ፣ ሻይ ቀዳችልኝ። ለኔ! ብርጭቆውን የት ላስቀምጠው።

ማልቀስ ስጀምር ጭራሽ እሱ አጽናናኝ። “አብሽሪ እትዬ፣ ረቢ ያለው ነው።” ነገ ረፋዱ ላይ ፖሊስ ቃሉን ሊቀበል ይመጣል። ምን ልትል ነው አልኩት። ወደ በሩ አየና ድምፁን ቀነሰ።

“ከተራራው ነው እላለሁ። ምን ልበል? እናንተው መሐል አይደል የምኖረው።”

አፈርኩ። ስንት ዓመት ግድግዳ ተጋርተን፣ ለካ ይፈራኝ ነበር። ያን ዕለት ሻይ ቤቴ ውስጥ የሳቀውም ፈርቶ ነው።

ግንቦት 19፣ ረቡዕ ማለዳ

ሻይ አልጣድኩም። ፖ/ጣቢያ ልሄድ ነው። ጠመንጃው የኔ ነው፣ ጥይቱም የኔ ነው፣ የሰጠሁትም እኔ ነኝ ልል። ታደሰን ያስሩታል፤ ወንድሜ ነው፣ አንጀቴን ይበላኛል። ዕድሩ ያስወጣኛል። ስሞትም የሚቀብረኝ ይጠፋ ይሆናል። ያም ሆኖ ሁሴን በግራ አውራ ጣቱ ውሸት ሳይፈርም መድረስ አለብኝ።

በሩ ተንኳኳ። ታደሰ ነው። ምንሽሩን ጓሮ ልቅበረው፣ አካፋ ይዣለሁ ይላል። አልከፍትለትም፤ በኋላ በር እወጣለሁ።

አሁን ከግድግዳው አውርጄ ጭኔ ላይ አስቀምጬዋለሁ። እንዴት ይከብዳል። ስንቴ አውሼዋለሁ፣ አንድም ቀን ራሴ ተሸክሜው አላውቅም።