እንዴት ነሽ ሲሉኝ

ሰኞ፣ ጥቅ. 4፤ ረፋድ

ሽንኩርት በግራ እጅ እከትፋለሁ። ቢላው ተንሸራተተ። ቢላውን አንስቼ ወደ በሩ ወረወርኩት። እህቴ ሰናይት ልክ ያኔ ስትገባ። ለጥቂት ነው የሳታት። ጮኸች። እኔም ጮህኩባት፣ ጥፋተኛዋ እሷ ይመስል። ከዚያ ሁለታችንም ተንበርክከን የተበተነውን ሽንኩርት ለቀምን።

ፊደሌ የተንጋደደው ለዚህ ነው፣ አንተ ደብተር። ቀኝ እጄን የፕላስቲክ ፋብሪካው ማሽን ጨፍልቆታል። አጥንቱ ገጥሟል፤ ከውጭ ለሚያየው ሙሉ እጅ ነው። ውስጡ ግን ይነድዳል። ማንኪያ እንኳ አይጨብጥም። ዛሬ የሕክምና ቦርዱ መልስ መጣ፦ ድናለች፣ ወደ ሥራዋ ትመለስ። ወደዚያው ማሽን! ካልተመለስኩ ሥራው ቀረ፣ የጉዳት ጡረታውም ቀረ።

ወረቀቱን በጥርሴ ቀደድኩት። በአንድ እጅ ወረቀት አይቀደድም። ስሜ ደግሞ ትዕግሥት ነው። ያወጣልኝ ሰው መጥቶ ይየኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅ. 6

ቦርዱ ቢሮ ሄድኩ። ሰናይት ወረቀቱን በፕላስተር ለጣጥፋልኛለች። ጸሐፊዋ አየችው፤ ምንም አልጠየቀችም፣ ደግ ሴት። ፋይሉን ከፍታ አነበበችልኝ። ያከመኝ ዶ/ር የጻፈው ነው። በየቀጠሮው ያው፦ ታካሚዋ ደህና ነኝ ትላለች። ታካሚዋ ደህና ነኝ ትላለች። እስከ መጨረሻው። ቦርዱም ያመነው ይህንኑ ነው። ይግባኝ ይቻላል አለችኝ፤ ግን ያው ዶ/ር ሌላ ካልጻፈ የትም አይደርስም።

ውሸታም! ደህና ነኝ ብዬው አላውቅም። ፋብሪካው ገዝቶታል። እሱ ዘንድ የላከኝ የፋብሪካው የሰው ኃይል ኃላፊ አይደል? ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ነገ አንቀዋለሁ። ይኸው፣ በጽሑፍ። በግራ እጅ ሰው ይታነቅ እንደሆነ እናያለን።

ሐሙስ፣ ጥቅ. 7፤ ከሰዓት

ከሰፈሬ ከዓለም ባንክ ታክሲ ያዝኩ። ረዳቱ ጠጋ በይ ብሎ ቀኝ ክንዴን ጨመቀው። ዓይኔ ጨለመ። ፊቱን በቦርሳዬ አጮልኩት። «ወራጅ አለ» ሳልል አወረዱኝ። ቀሪውን በእግሬ። ኮልፌ ዶ/ሩ ጋ እስክደርስ ንዴቴ ይበርዳል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልበረደም።

ወረፋ የለም፣ ካርድ የለም። በሩን በእርግጫ። ጥበቃው ከኋላዬ ይሮጣል። ዶ/ሩ ወጣት ነው፣ መነጽር ያደርጋል፣ ሻይ ይዟል። ጠረጴዛው ላይ ያለውን በሙሉ ጠረግሁት፤ ብርጭቆው፣ የደም ግፊት መለኪያው፣ ካርዶቹ። ጋዋኑን አንገቱ ላይ ጨምድጄ ግድግዳው ላይ አጣበቅኩት። በስንት ገዙህ፣ እገድልሃለሁ፣ የቀረኝ ስድብ የለም። ጥበቃው ወገቤን ይጎትታል። ዶ/ሩ ገርጥቷል። ምን እንደሚል ጠፋው መሰለኝ፤ በሽተኛ ፊቱ ሲቆም ሁልጊዜ የሚለው አመለጠው።

«እንዴት ነሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»

እኔ ነኝ ያልኩት! አንገቱን አንቄ! እንደ ማስነጠስ ነው ከአፌ የወጣው።

ጥበቃው መጎተቱን ተወ። ማንም አልሳቀም። እጄ በራሱ ተፈታ። ወለሉ ላይ፣ የፈሰሰው ሻይ ላይ ቁጭ አልኩ። ዶ/ሩ መነጽሩን ፈልጎ አደረገና የሰማሁትን ነው የጻፍኩት አለ፣ ቀስ ብሎ። ዓይን የለህም ወይ አልኩት። ይሄን እጅ አንድ ቀን ነክተህ ታውቃለህ? ነክቶ አያውቅማ። ራጁን ያያል፣ እንዴት ነሽ ይላል፣ ይጽፋል። እኔም ሰው እንዴት ነሽ ሲለኝ ሕመሜን እየዘረገፍኩበት አላደግኩም። እሱ ግን ሐኪም ነው! ጥበቃው ፖሊስ ልጥራ ሲል ተዋት አለው። ማክሰኞ ነይ፣ እንደ ገና ላይሽ አለኝ። ፊቱ ቀልቷል። እኔም አፍሬያለሁ፤ ንዴቴ ግን አለ።

ማክሰኞ፣ ጥቅ. 12

በመርፌ ጫፍ ወጋጋኝ። ሁለቱ ጣቶች ምንም አይሰሙም። የቀሩት ላይ ነፍሴ ልትወጣ። ጥርሴን ነከስኩ። ለምን ዝም ትያለሽ፣ ዝምታሽን አልጽፈውም፣ ጩኺ አለኝ። ጮህኩለት! ወንበሩን በእርግጫ ገለበጥኩት። ውጭ ወረፋ የያዙት ሳይሸሹ አልቀሩም።

ከዚያ ጥያቄ። ጸጉር ማበጠር? አልችልም። ቁልፍ ማዞር? አልችልም። ልብስ? ጡት መያዣዬን የምታስርልኝ ሰናይት ናት። ይህን ስናገር አለቀስኩ፣ ከንዴት ብዛት። ሁሉንም ለይግባኙ ጻፈው። ቦርዱ ፊት ግን የምትናገሪው አንቺ ነሽ አለ፤ እዚያም ደህና ነኝ ካልሽ ልፋታችንን ውሃ በላው።

ሰናይት ይህን ሰምታ ታሠለጥነኛለች። በየበሩ ጠብቃ እንዴት ነሽ ትላለች። ደህና ባልኩ ቁጥር ትቆነጥጠኛለች። ጤነኛው ክንዴ በልዟል። አንዴ ጥፊ አቀመስኳት። አልተወችም።

ሰኞ፣ ጥቅ. 18፤ የቦርዱ ኮሪደር

ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው። አሁን እማዬ ከጎጃም ደወለች። አታውቅም። ማሽኑ ከያዘኝ ጀምሮ ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው ስላት ኖሬያለሁ። እንዴት ነሽ ልጄ አለች። አፌ ያንኑ ሊል ተከፈተ። ምላሴን ነከስኩት፣ ደሙን ቀመስኩት። ደህና አይደለሁም እማዬ አልኩ። እጄን ማሽን በላው።

ጩኸት። እናቴ ድምጿን ከፍ አድርጋ ሰምቻት አላውቅም። ማሽኑን፣ ፋብሪካውን፣ ባለቤቱን ከነዘር ማንዘሩ ረገመች። ኮሪደሩ በሙሉ ከስልኬ ሰማት። አጠገቤ ያሉ ክራንች የያዙ ሽማግሌ አሜን አሉ። ቁጣዬን ከማን እንደወረስኩ አሁን ገባኝ። ከዚያ አለቀሰች፤ ብቻሽን ቻልሽው ወይ አለች። ልቤን ሰበረችው። ነገ ትመጣለች።

በሩ ተከፈተ። ስሜን ጠሩ። ሦስት ነጭ ጋዋን ይታየኛል። መሐል ያሉት ሰውዬ ከአሁኑ ፈገግ ብለዋል፤ እንዴት ነሽ ሳይሉኝ አይቀሩም። ይበሉኝ። ይበሉኝና የእማዬን ልጅ ይስሟት።