አባቴን ደራሲ አድርጎ ለመዘገበው የባሕር ማዶ ግብር መሥሪያ ቤት

ቀን፦ ኅዳር 28 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቁጥር፦ ያጣሁት እሱን ነው
ሮቤ፣ ባሌ

ለተከበሩ የባሕር ማዶ ግብር መሥሪያ ቤት
የውጭ አገር አመልካቾች ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ለአባቴ ስለ ተሰጠው ሹመት ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

የተከበሩ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ስልክ በደወልን ቁጥር ከሠራተኞችዎ ሁሉ ቀድሞ ለሚቀበለን ለዚያ ማለቂያ ለሌለው ሙዚቃ ጤናና ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። እኛ በሮቤ ደኅና ነን። ስንዴው ለአጨዳ ደርሷል፤ የሳነቴ ተራራም ብርድ እንደ ልማዱ ወርዶ ጉልበታችንን እየጎበኘ ነው። እኔም በስድሳ ስድስት ዓመቴ ከመሥሪያ ቤትዎ ጋር መጻጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ ወጣትነቴ ተመልሶልኛል፤ በዕድሜዬ እንዲህ ስቄ አላውቅምና።

ማን እንደሆንኩ ከመዝገብዎ ስለማያገኙት ራሴው ልንገርዎ። ሠርከአዲስ እባላለሁ። ጎባ ተወልጄ፣ ሮቤ ገበያ ጥቁር አዝሙድና ድንብላል ስሸጥ የኖርኩ ሴት ነኝ። ወንድሞቼ በሰባት ዓመታቸው የቆጠሩትን ፊደል እኔ የቆጠርኩት በአርባ ሦስት ዓመቴ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። አባቴ አቶ ገብረወልድ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ሴት ልጅ ፊደል ቆጥራ ለማን ልትጽፍ ነው?» ይል ነበር። የመሠረተ ትምህርት ዘማቾች ጎባ በገቡ ጊዜ እንኳ ስሜን እንዳይመዘግቡ ገሰራ የምትኖር አክስቴ ዘንድ ሰደደኝና እነሱ ሲወጡ መልሶ አመጣኝ። ከተማሩት ወንድሞቼ አንዱም ከፊርማው አልፎ የጻፈው ነገር የለም፤ ይህን በቅናት አልናገርም፣ ወይም በጥቂት ቅናት ብቻ ነው።

ለማን እንደምጽፍ ግን ዘግይቼም ቢሆን አገኘሁ። ከአርባ ዓመታቸው በኋላ ፊደል የቆጠሩ ሴቶችን ሥራ የሚያሳትም አንድ በአገርዎ ያለ አሳታሚ፣ ስለ ገበያ ሴቶች የጻፍኳቸውን ዐሥራ ሁለት ታሪኮች ወደደልኝ። የጠየቀኝም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መሥሪያ ቤትዎ የሚሰጠውን የንግድ ግብር ቁጥር። ውሉ ቁጥሩ በተመዘገበበት ሰው ስም ይፈረማል፣ መጽሐፉም በዚያው ስም ይወጣል፣ እስከ ኅዳር መጨረሻ ካልቀረበ ግን ተራዬ ለሌላ ሴት ያልፋል ተባልኩ። ስሜን በመጽሐፍ ሽፋን ላይ ለማየት አንድ ቁጥር ብቻ ነበር የቀረኝ። አንድ ቁጥር ምን አላት! ድንብላል በጣሳ ስሰፍር የኖርኩ ሴት ቁጥር ያስፈራኛል እንዴ?

እንግዲህ የዋሉልኝን ውለታ ሁሉ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር እንደሚወዱ ተረድቻለሁና።

፩ኛ. ቤቴን ስለማጥፋትዎ። ቅጹ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ይጠይቃል። ሮቤ ውስጥ የጽሕፈትና የኮምፒውተር ቤት ያላት፣ እንግሊዝኛዬም ኢንተርኔቴም የሆነችው ሶሲ «ከአሮጌው ወፍጮ ቤት ጀርባ፣ ሰማያዊው በር» ብላ አሳምራ ሞላችልኝ። መሥሪያ ቤትዎ እንዲህ ያለ አድራሻ በምድር ላይ እንደሌለ በትሕትና መለሰልን። ሃያ ስድስት ዓመት በሌለ ቤት ውስጥ መኖሬን ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። ክረምት በመጣ ቁጥር በጣራዬ የሚገባው ውኃ የሌለ ውኃ መሆኑን ስረዳ እንዴት ቀለለኝ መሰለዎ! በኋላ ሶሲ ወፍጮ ቤቱን «የወፍጮ ጎዳና» ብላ ሾመችው፤ በዚያው ቀን ተቀበላችሁት። ባለ ወፍጮው ጎዳና መሆኑን እስከ ዛሬ አልሰማም።

፪ኛ. ስለ ፋክስ። በዚህ ዘመን ቅጹን በፋክስ ካልሆነ አንቀበልም ስላላችሁን፣ ከሮቤ እስከ ጎባ ሦስት ቀን ፋክስ ስናስስ ያላየነው ዘመድ አልቀረም። የፋክስ መኪናው ተገኘ። አንድ ቢሮ ጥግ ላይ፣ ዳንቴል ለብሶ፣ በላዩ የላስቲክ አበባ ተሸክሞ ተቀምጧል። የቢሮው ጸሐፊ የአበባ ማስቀመጫ ብላ ነበር የተረከበችው። አበባውን ስናነሣው «እንዴ፣ ይሄ ነገር ሥራ አለው?» አለች። ነበረው። እንደ ታመመ በግ ጮኸና ቅጻችንን ዋጠው። ለዚያ ቢሮ አንድ የጠፋ ንብረት ያስገኘነው በእርስዎ ምክንያት ነውና ምስጋናው የእርስዎ ነው።

፫ኛ. ስለ ዘመን። ሥራ የጀመርሽበት ዓመት ለሚለው ፊደል የጨረስኩበትን 1995ን አስሞላሁ፤ በእኛ አቆጣጠር ነው እንጂ በሌላ በማን አቆጣጠር እሞላለሁ? እናንተ በራሳችሁ አቆጣጠር አንብባችሁ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳታሳውቂ ለምን ነገድሽ አላችሁኝ። ሶሲ በጣቷ ስትቆጥረው፣ ፊደል ከመቁጠሬ ከሰባት ዓመት በፊት ደራሲ ኖሬያለሁ። ይህን ተሰጥኦዬን ማንም አልነገረኝም ነበር።

፬ኛ. ስለ ስም። እዚህ ላይ ቁጭ ብለው እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

ቅጹ «የቤተሰብ ስም» ይላል። እኛ የቤተሰብ ስም የሚባል የለንም። የራሳችን ስም አለን፣ የአባታችን ከኋላው ይከተላል፣ በቃ። ባል ብናገባም ባል ስማችንን አይነካም። ሶሲ ሳጥኑ ባዶ እንዳይቀር ብላ ገብረወልድን አስገባችበት። ከዚያ በስልክ ስንቀርብ ሠራተኛዎ ገብረወልድ ማን እንደሆነ ጠየቀን። እኔም እውነት ተናጋሪዋ «አባቴ ነው» አልኩ። ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በያዘኝ! ሶሲ ነገሩን ለማቃናት ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የአባቱን ስም እንደሚይዝ ብታስረዳው፣ «እንግዲያው ንግዱ የተያዘው በአባትዋ ስም ነው» ብሎ አመስግኖን ዘጋው።

በሁለት ሳምንቱ ቁጥሩ መጣ። «ለክቡር አቶ ገብረወልድ» ይላል። የድርሰት ንግድዎ ተመዝግቧል፣ እንኳን ደስ ያለዎ ይላል። እኔ ከታች «ልጅ» በሚለው ሳጥን ውስጥ አለሁ።

የተከበሩ ሆይ፣ አባቴ ከሞተ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። እኔን ከፊደል ለማራቅ እስከ ገሰራ የበቅሎ ኪራይ የከፈለ ሰው፣ በሞተ በሠላሳ አንድ ዓመቱ ያለ አንድ መስመር ድርሰት ደራሲ ሆኖ ከባሕር ማዶ ተሾመ። ሶሲ አንብባ ስትጨርስ እኔ ወንበሩን ይዤ ነበር፤ ሳቄን መሬት ላይ ተቀምጬ ነው የጨረስኩት። «እትዬ፣ ውኃ ላምጣልሽ?» ትለኛለች። ለእኔ ምን ያደርግልኛል፤ ለእሱ አምጪለት እንጂ፣ ደክሞት ይሆናል ስንት ሲጽፍ!

፭ኛ. ሙት ስለመጥራትዎ። ስህተቱ ይታረም ብለን ብንደውል የሞት ምስክር ወረቀት አምጡ አላችሁ። አባቴን ጎባ ያለ ሰው ሁሉ ወጥቶ ቀብሮታል፣ ተዝካሩን በልቷል፣ ስለ ጠጁም እስከ ዛሬ ያማናል፤ ወረቀት የጻፈ ግን የለም። ሠራተኛዎም ረጋ ብሎ፣ ወረቀት ካልቀረበ ሰውየው በእኛ ዘንድ በሕይወት አለ፣ ስለዚህ ራሱ በስልክ ቀርቦ ፈቃዱን ይስጥ አለን።

ይህን ስንነጋገር ጎረቤቴ አሊዪ መታወቂያውን ፎቶ ኮፒ ሊያስነሣ መጥቶ ከበሩ ላይ ይሰማል። ከጎባ እስከ ዶሎ መና የከባድ መኪና ሹፌር ሆኖ አርጅቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። «ታዲያ ምን ያስጨንቃል ሠርኬ?» አለ። «እኔ አባትሽ እሆናለሁ።»

ጥፋት መሆኑን አውቃለሁ፤ በአደባባይ የምጽፍልዎም ለዚሁ ነው። ግን ሙቱን አምጡ ያላችሁት እናንተ ናችሁ። ከሰፈራችን የተገኘው አሊዪ ነው።

በማግስቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ እናንተ ቢሮ ስትከፍቱ፣ ሦስታችን ሶሲ ቤት ስልኩን ከበብነው። ሙዚቃው ሃምሳ ደቂቃ ዘለቀ። አሊዪ ትከሻውን እየነቀነቀ «ልጅ ሶሲ፣ የደወልሽው መሥሪያ ቤት ነው ሠርግ ቤት?» ይላል። በመጨረሻ አንዲት ሴት አነሣች። ዕድሜውን ጠየቀችው። አንድ መቶ ሁለት ነው አለ፤ አስጠንቼው ነበር። ድምፅዎ ግን የወጣት ነው ብትለው፣ «የሳነቴ ብርድ ነዋ፣ ወላሂ! እዚህ ሰው አይበላሽም» አለ። ሶሲ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። አባቴ በእመቤታችን እንጂ በወላሂ ምሎ አያውቅም። ሠራተኛዎ ግን መዝግባ አለፈች።

ቀጥላም፣ ልጅዎ በጽሑፍ ሥራ እንድትሰማራ ይፈቅዳሉ ወይ ብላ ጠየቀችው።

ሶሲ ስትተረጉም አሊዪ ከስልኩ ቀና አለ። እኔን አየኝ። የገሰራውን ነገር ያውቃል፤ ጎረቤት ምን የማያውቀው አለ። ቀልዱን ትቶ ጉሮሮውን ጠረገና «ትጻፍ» አለ። «ልጄ ናት። ያኔም ልከለክላት አይገባኝም ነበር፤ አጥፍቻለሁ በይልኝ።» ሶሲ በእንግሊዝኛ አለችለት።

በዚያች ሰዓት ምን እንደሆንኩ ለመሥሪያ ቤትዎ አላስረዳም። በቅጹ ላይ ሳጥን የለውም።

ስልኩ ሲዘጋ አሊዪ ግንባሩን ጠረገ። «ኧረ ሠርኬ፣ ለልጆቼ እንዳትነግሪ» አለ። «ሦስት አሉኝ፤ አራተኛ አገኘሁ፣ ያውም በዕድሜ የምትበልጠኝ!» ከዚያ ተያይዘን ሳቅን፤ ፎቶ ኮፒ ሊያስነሡ የመጡ ሰዎች ሎተሪ የደረሰን መስሏቸው እንኳን ደስ አላችሁ አሉን።

፮ኛ. ስለ መጨረሻው ውሳኔ። በሳምንቱ ደብዳቤዎ ደረሰኝ። አቶ ገብረወልድ በራሳቸው አንደበት ቀርበው በሕይወት መኖራቸውን ስላረጋገጡ የንግዱ ባለቤትነታቸው ጸንቷል፤ ልጃቸውም በእሳቸው ፈቃድ ተቀጥራ መጻፍ ትችላለች ይላል። የአሳታሚው የሽፋን ረቂቅ ተከትሎ መጣ። በትልቁ «ገብረወልድ» ይላል። እኔ የለሁም።

ሶሲ ኮምፒውተሩን ወደኔ አዙራ አሳየችኝና ፊቷን ሸፈነች። እኔ ግን ዘንድሮ ለማልቀስ ጊዜ የለኝም። የቀረኝ አራት ቀን ነበር። እዚያው ተቀምጬ ለአሳታሚው በእጄ ጻፍኩ፣ ሶሲ ገለበጠችው፦ ክፍያው ይቅርብኝ፣ ታሪኮቹን በነጻ ውሰዷቸው፣ ሽፋኑ ላይ ግን የጻፈችው ሴት ስም ይቀመጥ። በማግስቱ መለሱልኝ። ክፍያ ከሌለ የንግድ ውል የለም፣ የንግድ ውል ከሌለ ቁጥር አያስፈልግም፤ በምን ስም እናውጣልሽ አሉኝ።

የተከበሩ ሆይ፣ በምን ስም ብሎ የጠየቀኝ ሰው በዕድሜዬ አልነበረም። ቤት የመጣ ሁሉ የማን ልጅ ነሽ፣ የማን ሚስት ነሽ፣ የማን እናት ነሽ ነው የሚለኝ። አንድ ቃል ብቻ ጻፍኩላቸው። አዲሱ ሽፋን ትናንት መጣ፤ «ሠርከአዲስ» ይላል፣ ከኋላዋ ማንም የለም። ቂም አይደለም። ጥቂት ቂም አለበት፣ ግን ዋናው ቂም አይደለም፤ አባቴ ሌላ ቦታ በክብር ስለተቀጠረ ነው። ሶሲ በትልቅ ወረቀት አትማ በቤቷ ግድግዳ ለጥፋዋለች። አሊዪም ወረፋ የሚጠብቀውን ሰው ሁሉ እየጎተተ «የኔ ልጅ ናት የጻፈችው» ይላል። ለልጆቹ እንዳይነገር ያለው ሰው!

እንግዲህ ቁጥሩን ለባለቤቱ ትቼ እኔ እሰናበታለሁ። በሌለው ቤቴ ሆኜ፣ ደራሲ በሆንኩባቸው ሰባት የድንቁርና ዓመቶች ስም፣ ለእርስዎና ለመሥሪያ ቤትዎ የማያልቅ አክብሮቴን እያቀረብኩ፣ ጤና፣ ዕድሜና የሙት መዝገብ አብዝቶ ይስጥዎ እላለሁ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር
ሠርከአዲስ

ግልባጭ፦
ለሶሲ የጽሕፈትና የኮምፒውተር ቤት (ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ)
ለአሊዪ (እንዲጠነቀቅ)

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ዛሬ ጠዋት ደግሞ አቶ ገብረወልድ የዓመቱን የግብር ማስታወቂያ በጊዜው እንዲያቀርቡ፣ ካልሆነም ቅጣት እንደሚጠብቃቸው የሚገልጽ ደብዳቤ ደርሶኛል። እንደ ልጅነቴ አንድ ነገር ልምከርዎ፦ አባቴ በሕይወት ሳለ የመሬት ግብሩን በጊዜው ከፍሎ አያውቅም፤ ሰብሳቢው ሲመጣ ጓሮ ተደብቆ «የለም» የሚያስብለው እኔን ነበር። አሁን ግን ሥራ ላይ ነኝና ራሳችሁ ፈልጉት።